መኪና በረረ አሉ

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ለመድረስ ወደ ድሬ ጠያራ ወጥቼ ነበር። ለማያውቃት አንባቢ፣ ድሬ ጠያራ ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት። የማሽላ፣ የጫትና የማንጎ አገር። ስሟን ግን ልብ በሉልኝ። ‹‹ድሬ›› በኦሮምኛ ሜዳ ነው። ‹‹ጠያራ›› ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ የአውሮፕላን ስም ነው፤ በምሥራቅ በኩል አውሮፕላን ከማለት ይልቅ ጠያራ የሚል ሰው ብዙ ነው። ገጣጥሙት፤ የአውሮፕላን ሜዳ። ሐረርና ጠያራ ደግሞ ድሮም ይተዋወቃሉ፤ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጠያራዎች ከተማዋን በቦምብ ሲያጋዩ የተረፉት ሽማግሌዎች ወሬውን ለልጅ ልጅ አውርሰው ነው የሄዱት። እና በዚህ አገር ‹‹የሚበር ነገር መጣ›› ማለት ድሮ የሚያስሮጥ ነገር ነበር።

ከለቅሶው ቤት ስወጣ ባጃጅ ፈለግሁ። ያገኘሁት ሾፌር ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ‹‹አንድ ሰው እስኪሞላ እንጠብቅ›› አለኝና ሞተሩን አጥፍቶ ስልኩን አወጣ። የሐረር ሰው መቼም አንቱታ አይሆንለትም። ሽማግሌውም፣ ሹሙም ‹‹አንተ›› ነው፤ ንቀት ሳይሆን ቅርበት ነው። እናላችሁ፣

‹‹ጋሼ፣ አቦ ይቺን እያት!›› አለኝ።

አየኋት። ጎማ የመሰለች ክብ ነገር፣ ሁለት ሰው ተቀምጦባት፣ ከመሬት ከፍ ብላ በከተማ መንገድ ላይ ትንሳፈፋለች። ጎማ የላት፣ ክንፍ የላት፣ ድምፅ የላት። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ከታች በአማርኛ ‹‹ሰበር ዜና! የቤንዚን ዘመን አበቃ!›› የሚል ተለጥፎባታል።

‹‹ቆንጆ ናት›› አልኩት። ‹‹ግን እውነት አይደለችም።››

‹‹እንዴት አወቅክ?››

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እንዴት አወቅኩ? ሳይንስ ተምሬ አይደለም። ፊልሟን ከዚህ በፊት ስላየኋት ብቻ ነው የማውቃት። ያኔ ሳያት፣ ከነስሟና ከነባለቤቷ ነበር የመጣችልኝ። ለሱ የመጣችለት ስምም አባትም ሳይኖራት ነው።

ልጁ ፊልሟን ያሳየኝ ለጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ቆይቶ ነገረኝ። በቴሌግራም አንድ ‹‹ወኪል ነኝ›› የሚል ሰው አግኝቶታል። የበራሪዋ መኪና ኩባንያ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ሾፌሮች እየመዘገበ ነው፤ መመዝገቢያው ስድስት ሺህ ብር ነው፤ ቀድሞ ለተመዘገበ ሥልጠናው ነፃ ነው። ልጁ አራት ሺህ አለው። የቀረችውን ሁለት ሺህ ከማን እንደሚበደር ነበር የሚያስበው።

ስለዚህ የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፊልም ነው፤ ሂስ ልትሉት ትችላላችሁ። በሲኒማ ቤት ስለሚታየው ሳይሆን፣ በየኪሳችን ስለሚዞረው።

በመጀመሪያ ባለቤቷን እናውቅ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጀርመኑ ቮልስዋገን በቻይና ‹‹የሕዝብ መኪና ፕሮጀክት›› የሚል ዘመቻ ጀመረ። ሕዝቡ ወደፊት ሊነዳው የሚመኘውን መኪና በኢንተርኔት እንዲያዋጣ ጋበዘ። ከመቶ ሺህ በላይ ሀሳብ መጣለት። ከእነዚያ አንዱ የቼንግዱ ከተማ ነዋሪ የሆነች ወጣት ያቀረበችው ተንሳፋፊ መኪና ነበር። ኩባንያው በ2012 ለሀሳቡ አጭር ፊልም ሠራለት። መኪናዋ ላይ አስቀምጦ ያሳየንም የራሷን የልጅቷን ወላጆች ነው። እንዲህ ያለች መኪና በዓለም ላይ የለችም፤ በኮምፒውተር የተሣለች ናት። ኩባንያውም አለች ብሎ አልሸጠም። ‹‹እንዲህ ብትኖርስ?›› ነው ያለው።

ሥራውን እንደ ሥራ ካየነው ግሩም ነው፤ ይሄን መካድ ነውር ነው። የመኪና ማስታወቂያ ስናውቅ ምን ነበር? የሚያብረቀርቅ መኪና፣ ባዶ አስፋልት፣ ረዥም ፀጉሯ በነፋስ የሚበተን ሴት፣ ከበስተኋላ ወፍራም ድምፅ። ይቺኛዋ ያንን ሁሉ ጥላዋለች። ተራ ከተማ፣ ተራ ቀን፣ የእኛን አክስትና አጎት የሚመስሉ ሁለት ጎልማሶች። ፈራ ተባ ይላሉ። ይገረማሉ። ተዋናይ እንዲህ አይገረምም። እኛ የምናየው መኪናዋን አይደለም፤ የወላጆቹን ፊት ነው። ፊታቸው እውነት ስለሆነ ከሥራቸው ያለችውንም መኪና እውነት ብለን እንቀበላለን። የባጃጁ ልጅም ያለኝ ይሄንኑ ነው፤ ‹‹ሰዎቹን እያቸው እስቲ፣ እነዚህ ይዋሻሉ?›› አልዋሹም እኮ! ኮምፒውተሩ ነው የዋሸው።

ይህን ዘዴ የጀመረው ግን ቮልስዋገን አይደለም። የኳስ አፍቃሪ አንባቢ እ.ኤ.አ. የ2005ቱን የሮናልዲንሆ ፊልም ያስታውሳል። አዲስ የናይኪ ጫማ ይሰጡታል፤ ያጠልቃል፤ ኳሷን መሬት ሳያስነካ ከሳጥን ውጭ ሆኖ የጎሉን አግዳሚ ይመታል፤ ተመልሳ ትመጣለታለች፤ ደግሞ ይመታል፤ ደግሞ፤ ደግሞ። ካሜራው እንደ አማተር ይንቀጠቀጣል። ዩቲዩብ ከተከፈተ በኋላ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የታየ የመጀመሪያው ቪዲዮ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነሳል። እኔ ያየሁት ሐረር ውስጥ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ሌሊቱን ሙሉ አውርዶ በሲዲ ገልብጦት ነው። ያን ሰሞን ጫት ቤት ውስጥ ‹‹ይችላል አይችልም›› ክርክር ተነስቶ ሁለት ጓደኛሞች ሊደባደቡ ነበር። ‹‹ይችላል›› ይል ከነበሩት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቅንብር መሆኑን ስሰማ ያፈርኩት በሮናልዲንሆ አይደለም፤ በራሴ ነው። ሰውየው እንደሆነ ያለ ቅንብርም ተአምረኛ ነበር።

ኋላ ደግሞ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ከሆላንድ የወፍ ክንፍ ያጠለቀ ሰውዬ መጣ። ያርኖ ስሜትስ ይባላል፣ መሐንዲስ ነው ተባለ። ክንፉን እያራገበ ከአንድ መናፈሻ ተነስቶ ወደ መቶ ሜትር በረረ። ዓለም ጉድ አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰውየው በአገሩ ቴሌቪዥን ቀርቦ እውነተኛ ስሙ ፍሎሪስ ካይክ መሆኑን፣ ሙያውም ፊልምና አኒሜሽን መሆኑን፣ ስምንት ወር እንደለፋበት ተናዘዘ። ለዚህኛው አክብሮት አለኝ። ዋሽቷል፤ ግን መጥቶ ዋሽቻለሁ ብሏል። ችግሩ ኑዛዜው እንደ ውሸቱ አለመብረሩ ነው። የበረራውን ቪዲዮ ከአንዴም ሦስት ጊዜ ከተለያየ ሰው ተልኮልኝ አይቻለሁ። የኑዛዜውን የላከልኝ አንድም ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ ፈልጌ ያገኘሁት።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። የእነዚህ ሥራዎች ጥበብ ያለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ማስታወቂያ አለመምሰል። ለዚህ ስም ወጥቶለታል፤ ‹‹ቫይራል›› ይሉታል። ቃሉ ከቫይረስ የመጣ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. እጃችንን እየታጠብን የተማርነው ነገር ቢኖር ቫይረስ እግር እንደሌለው፣ የሚያደርሰው ሰው እንደሆነ ነው። እና ማስታወቂያው ማስታወቂያ ካልመሰለ ሰው እንደ ዜና ይልከዋል። ሰው ለወንድሙ ‹‹የቮልስዋገንን ማስታወቂያ እይ›› ብሎ አይልክም። ‹‹ቻይና መኪና አበረረች!›› ብሎ ነው የሚልከው። በሁለተኛው እጅ የኩባንያው ስም ይወድቃል። በአምስተኛው እጅ ቀኑ ይወድቃል። በአሥረኛው እጅ ‹‹ሰበር ዜና›› ይለጠፍበታል። በመቶኛው እጅ ‹‹ወኪል ነኝ›› ባዩ ያገኘዋል።

የማስታወቂያ ሰዎች ይሄን ስትነግራቸው ‹‹እኛ ምን አደረግን?›› ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ስድስት ሺህ ብር የጠየቁት እነሱ አይደሉም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ዕቃው ታርጋው እንዲወልቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ታርጋው በደንብ ቢበየድ ኖሮ ይህን ያህል አይሮጥም ነበር፤ ይህን ደግሞ ሠሪው ከማንም በላይ ያውቃል። በእኛ አገር በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ማስታወቂያ አሳሳች መሆን የለበትም ይላል። መልካም ነው። ግን በቼንግዱ የተሠራ፣ ስሙ የጠፋ፣ ድሬ ጠያራ በሚገኝ ባጃጅ ውስጥ የሚታይ ፊልም ላይ የትኛው ተቆጣጣሪ ምን ብሎ ይፈርዳል?

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የሒሳብ ነገር ነው። ድሮ አንድ ኩባንያ ሳሙናውን ሊያስተዋውቅ ሲፈልግ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይከፍላል። እኛ የምንከፍለው ትዕግሥት ነበር። ዜናው እስኪጀመር ዘፈኑን ችለን እንሰማለን፣ ከዚያ ያበቃል። ማስታወቂያው ያደነቁር ይሆናል እንጂ ‹‹እኔ ዜና ነኝ›› ብሎ አያውቅም። ዛሬስ? ልጁ ባለ ሁለት ሲም ነው፤ አንዱ የቴሌ፣ ሌላው ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሥራ ሲጀምር ሰሞን የገዛው። ፓኬጅ የሚሞላው ጠዋት በሠራው ብር ነው። ያቺን ፊልም በገዛ ፓኬጁ አወረደ። በገዛ ፓኬጁ ለአሥራ አንድ ሰው ላከ፤ ቆጥሮ ነግሮኛል። አሥራ አንዱም በገዛ ፓኬጃቸው ከፈቱ። ባጃጅ እየነዳ ለዓለም ግዙፍ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያ በነፃ ያከፋፍላል ማለት ነው፤ ያውም ከኪሱ ከፍሎ። ቮልስዋገን ለአንድም ሰከንድ ለድሬ ጠያራ አልከፈለም። ይህን ‹‹የፈጠራ ውጤታማነት›› እያሉ ይሸላለሙበታል።

‹‹ያልተማረ ሰው ነው የሚታለለው›› የሚል አንባቢ ካለ ደግሞ ቆም ይበል። በ2000 ዓ.ም. ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ወርቅ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ የተመለሰው ባጃጅ ሾፌር ስለገዛው አልነበረም። አሜሪካን ተመልከቱ። ፖል ሞለር የሚባሉ ሰው ‹‹ስካይካር›› የሚል በራሪ መኪና ‹‹በቅርቡ›› እንደሚያወጡ ለአሥርተ ዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። መጽሔቶች ሽፋናቸው ላይ አወጡት። በስተመጨረሻ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2003 ሰውየውንና ኩባንያውን፣ አክሲዮን ያለ ምዝገባ ሸጣችኋል፣ ስለ መኪናውም ማረጋገጫ የሌለው ነገር ተናግራችኋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ሃምሳ ሺህ ዶላር ከፍለው ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ያ ‹‹መኪና›› ለሕዝብ ሲታይ ከመሬት ከፍ ያለው ከላይ በክሬን ገመድ ታስሮ ነው። ለጥንቃቄ ነው ተባለ። ጥንቃቄማ ጥሩ ነው። አክሲዮኑን የገዙት ግን በሞቀ ቤታቸው የሚኖሩ፣ ኮሌጅ የበጠሱ ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የኒኮላው ነው። ኒኮላ የሚባል የአሜሪካ የከባድ መኪና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ‹‹ጭስ የሌለው መኪናችን በእንቅስቃሴ ላይ›› ብሎ ፊልም ለቀቀ። ግዙፍ መኪና በበረሃ መንገድ ሽው ይላል። በ2020 ጉዱ ወጣ። መኪናው በራሱ ኃይል አልሄደም ነበር፤ ጎትተው ዳገት አናት ላይ አውጥተው ወደ ታች ለቀቁት። ካሜራውን ቁልቁለቱ እንዳይታይ አድርገው አዞሩት። ጌታዬ፣ ይሄማ የደንገጎ ፊልም ነው! ከሐረር ድሬዳዋ የተመላለሰ ሰው ያውቃል፤ ደንገጎ ላይ ድንጋይም ‹‹በእንቅስቃሴ ላይ›› ነው። የእኛ አገር ሾፌር ያንን ፊልም ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹መንገዱ ሜዳ ነው ወይስ ቁልቁለት?›› ብሎ ነበር። የኒው ዮርክ ባለ ገንዘቦች አልጠየቁም። መሥራቹ በ2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ፣ በ2023 መጨረሻ አራት ዓመት ተፈረደበት፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አገኘ። ባለ ሀብት እንዲህ ነው የሚያርፈው። የባጃጁ ልጅ ስድስት ሺህ ብሩ ቢበላ ይቅርታ የሚያደርግለት አራጣ አበዳሪ አላውቅም።

ታዲያ እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ውሸትን ስለ ማመን ነው። የባሰው ግን እሱ አይመስለኝም። የባሰው እውነትን አለማመን ነው።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ኢትዮጵያዊ በገዛ እጁ የሠራትን አውሮፕላን ሊያስነሳ ሞከረ። ሰውየው በአብራሪነት ለመሠልጠን አመልክቶ ቁመቱ በ1 ሴንቲ ሜትር አነሰ ተብሎ የተመለሰ ነው። ተስፋ አልቆረጠም። መጽሐፍ አነበበ፣ ዩቲዩብ እያየ ተማረ፣ ከየጋራዡና ከየገበያው ብረትና ዕቃ ለቀመ፣ 570 ቀን ለፋ። ለዚህም ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ ‹‹ኬ›› የእናቱ ስም መጀመሪያ ነው። ሞተሯ ምን መሰላችሁ? የአሮጌ ቮልስ ሞተር! 40 የፈረስ ጉልበት። ያን ቀን የአየር መቅዘፊያዋ ማሰሪያ ተሰብሮ አልተነሳችም። ሰውየው ግን አልተደበቀም፤ የተሰበረውን አይቶ፣ አስተካክሎ እንደሚሞክር ተናገረ። ወሬው በትልልቅ የዓለም ጣቢያዎች ሳይቀር ተሰማ።

እስቲ ሁለቱን ቮልሶች ጎን ለጎን አቁሙልኝ። አንደኛው ቮልስ ሞተር የለውም፣ በኮምፒውተር ቼንግዱ ላይ ይንሳፈፋል፣ ማንም ‹‹ሞተሩ የት አለ?›› አይለውም። ሌላኛው ቮልስ ሞተር ብቻ ነው፤ በዘይት የጠቆረ፣ የሚንተከተክ፣ በእንጨትና በብረት ላይ የተበየደ፣ የሚሰበር። የትኛው ነው በየስልካችን የዞረው? የአስመላሽን ፎቶግራፍ ያን ጊዜ ለጓደኞቼ ሳሳይ፣ ያውም ሮናልዲንሆን አምነው ሊደባደቡ ለነበሩት፣ አንዱ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‹‹ፎቶሾፕ ነው፣ አትሸወድ!›› አለኝ። ብልጥ የሆነ መስሎት። በፊት ተታሏልና አሁን ማንንም ላያምን ምሏል። የምር ግን ከማጭበርበሩ ሁሉ ይሄ ነው ያመመኝ። ሐሰተኛው በራሪ አድናቆታችንን አስቀድሞ በልቶት ሄደ። እውነተኛው ሠሪ እጁ በግሪስ ተለቅልቆ ሲመጣ፣ የምንሰጠው ጥርጣሬያችንን ብቻ ሆነ።

የአስመላሽ ሙከራ ከሰማይ የወረደም አይደለም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የተሠራችው ‹‹ፀሐይ›› በርራለች። ጣሊያን ወስዶ ሙዚየም ውስጥ አስቀመጣት። በጥር 2016 ዓ.ም. ነው ለአገሯ የተመለሰችው። ስትመለስ ዜናውን ያየ ስንት ነው፣ ለወንድሙ የላከውስ?

ወደ ባጃጃችን እንመለስ። ሰው አልሞላም። ልጁም ስልኩን አላጠፋም።

‹‹እሺ ጋሼ፣ መኪና አይበርም ነው የምትለኝ?››

‹‹አላልኩም›› አልኩት። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈለግሁም። የሚበር መኪና አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ውስጥ ሞልት ቴይለር የሚባል ሰው ‹‹ኤሮካር›› ሠርቶ አብርሯል፤ ክንፉን ነቅሎ፣ ከኋላው እየጎተተ በመንገድ የሚሄድ። ስድስት ብቻ ተሠርተው ቀሩ። ነገሩ ቀላል ነው፤ መኪና ጠንካራና ከባድ መሆን አለበት፣ አውሮፕላን ቀላል መሆን አለበት፤ ሁለቱን ስታጋባ የሚወለደው ደካማ መኪናና ሰነፍ አውሮፕላን ነው። ያም ሆኖ የሚሞክር አልጠፋም። ቻይና ውስጥ ሰው የሚጭን ድሮን መሰል ዕቃ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ከአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ማረጋገጫ አግኝቷል። እና ልጁ ሞኝ አይደለም። ‹‹ቻይና ጨርሳለች›› ሲል ከእውነት የራቀው በጣም በትንሹ ነው፤ አጭበርባሪውም የሚቆመው እዚያች ትንሽ ክፍተት ላይ ነው።

ስልኬን አወጣሁና እውነተኛውን ፈልጌ አሳየሁት። የስሎቫኪያው ‹‹ኤርካር›› ነው። ሽቴፋን ክላይን የሚባል ዲዛይነር የሠራው፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ኒትራ ከምትባል ከተማ ተነስቶ በ35 ደቂቃ ብራቲስላቫ ያረፈ። ሲያርፍ ክንፉን አጥፎ ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መኪና ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ከተማ ይነዳል። በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአገሩ መንግሥት የብቃት ማረጋገጫ አግኝቷል። የቢኤምደብሊው ሞተር ነው ያለው።

ልጁ በጥሞና አየ። ደግሞ ከመጀመሪያው አስጀመረና አየ። ከዚያ ስልኬን መለሰልኝ።

‹‹ጋሼ፣ ይሄማ ውሸት ነው።››

‹‹ለምን?››

‹‹ክንፍ አለዋ! ደግሞ ይንደረደራል። አቦ ይሄ ጠያራ ነው እንጂ መኪና አይደለም።››

እኔ ደግሞ ልክ ነህ ልበለው፣ ተሳስተሃል ልበለው ግራ ገባኝ። ዐይኑ በቼንግዱዋ ተስሏል። ከእንግዲህ እውነተኛ ነገር ሲታየው የጎደለው ሆኖ ነው የሚታየው፤ ይጮኻል፣ ክንፍ ይፈልጋል፣ ይንደረደራል፣ ቦታ ይይዛል። ተንሳፋፊዋ ከማንም ምንም አትጠይቅም። መንገድ አትጠይቅ፣ ቤንዚን አትጠይቅ፣ ፈቃድ አትጠይቅ። በመጨረሻ የጠየቀችው ስድስት ሺህ ብር ብቻ ነው።

‹‹ለመነሳት ስንት ሜትር ይፈልጋል?›› አለኝ ከቆይታ በኋላ።

‹‹ሦስት መቶ አካባቢ ይላሉ።››

ወረደ። ከባጃጁ ጀምሮ በእርምጃ መለካት ያዘ። መንገዱን አልፎ ወደ ማሽላው ዳር ሄደ፤ እየቆጠረ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መቶ ሃያ ላይ ይመስለኛል ቆም ብሎ ዙሪያውን አየ። እኔም አየሁ። ማሳው፣ ማንጎው፣ ኮረብታው፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው። ስሙ ‹‹የአውሮፕላን ሜዳ›› የሆነ አገር ላይ ቆመን ሦስት መቶ ሜትር ነፃ መሬት አጣን።

‹‹አይበቃም›› ብሎ ተመለሰ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ‹‹ያኛው ሰውዬ ግን፣ የቴሌግራሙ፣ መኪናዋ የት ነው የምትነሳው ብዬ ስጠይቀው አልመለሰልኝም›› አለ።

‹‹መቼ ጠየቅከው?››

‹‹አሁን። ስራመድ ድምፅ ላክሁለት። አይቶታል፣ ዝም ብሏል።››

እኔ ስለ ሮናልዲንሆና ስለ ቼንግዱ አንድ ሰዓት ካወራሁት፣ ልጁ በገዛ እግሩ የጠየቃት ጥያቄ ትበልጣለች። ‹‹ብሩን እንዳትልክ›› አልኩት። ‹‹እስኪመልስልኝ አልልክም›› አለኝ። ከዚህ በላይ ቃል አላስገባሁትም።

ሦስተኛው ሰው ሳይመጣ ቀረ። ‹‹እንሂድ በቃ፣ የሁለት ሰው ትከፍላለህ›› አለኝ። ተስማማን። ሐረር ውስጥ ዛሬም አሮጌ ፔጆ 404 በብየዳ ላይ ብየዳ እየተደረገለት ታክሲ ሆኖ ሲሠራ ታያላችሁ። የባጃጁ ልጅ አጎት የአንዱ ሾፌር መሆኑን መንገድ ላይ ነገረኝ፤ ‹‹ሞተሩ ሦስቴ ወርዷል፣ አሁንም ይሄዳል›› አለኝ፣ በኩራት። ስለዚያ ሞተር ሲያወራ የነበረው ፊት ተንሳፋፊዋን ሲያሳየኝ ከነበረው ፊት ይበልጥ በርቶ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩን ድርግም አደረገው። ባጃጃችን ያለ ድምፅ ሽው አለች። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ደነገጥኩና ‹‹ምን ሆነ?›› አልኩ።

‹‹ቤንዚን ልቆጥብ ነው፤ አትፍራ›› አለኝና ሳቀ። ‹‹ጋሼ፣ ቪዲዮ ቅረጸኝ እስቲ። ያለ ቤንዚን የሚሄድ ባጃጅ ብዬ ልልቀቀው።››